ምላስ የሚቀምሰውና ደም የሚያየው፦ ስኳር፣ ማርና ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራሉ?

አዴት፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና በዙሪያቸው ያለው የጎጃም ገጠር የእህልና የማር አገር ነው። እዚህ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፤ ብርዝም ጠጅም መነሻቸው ቀፎ ነው። የፋብሪካ ስኳር በአገራችን መመረት የጀመረው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ መተሐራና ፊንጫ ተከተሉ፤ በቅርቡ ደግሞ በጎረቤት አዊ ዞን፣ ጃዊ ላይ፣ የበለስ ፋብሪካ ተጨመረ። ዛሬ ስኳር ከሻይ፣ ከበሶ፣ ከለስላሳ መጠጥ፣ አልፎ አልፎም ከጠጁ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። በከተሞቹ ሱቆች ደግሞ «ዜሮ» ወይም «ስኳር አልባ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጠርሙሶች መታየት ከጀመሩ ሰነባብተዋል።

ከምርቱ ጋር ወሬውም ገብቷል። «ማር መድኃኒት ነው፣ ስኳር ላለበት ሰው እንኳ አይጎዳም» የሚል አለ። «ስኳር በሽታ የሀብታም በሽታ ነው፣ እኛን ገበሬዎችን አይነካም» የሚልም አለ። «ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ካንሰር ያመጣል» የሚል ወሬ በስልክ ይዞራል። «መራራ ነገር ስኳርን ያጠፋል» ተብሎ ኢንሱሊኑን ያቋረጠ ሰውም አይታጣም። ከእነዚህ አባባሎች አንዳንዱ ግማሽ እውነት አለው፤ አንዳንዱ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከሥሩ እንይ። አንድ ቁልፍ ሐሳብ ከያዙ የቀረው ሁሉ ቀላል ይሆንልዎታል። ይኸውም፦ ምላስዎ የሚቀምሰው ጣዕምና ደምዎ ውስጥ የሚገባው ስኳር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማይጣፍጥ ምግብ የደም ስኳርን ሊያሳድግ ይችላል፤ በጣም የሚጣፍጥ ነገር ደግሞ ምንም ላይጨምር ይችላል።

ስኳር ስንል ምን ማለታችን ነው?

በቤታችን «ስኳር» የምንለው ነጭ ወይም ቡናማ ቅንጣት በኬሚስትሪ ስሙ ሱክሮዝ ይባላል። አንዱ ሱክሮዝ ሁለት ትናንሽ ስኳሮች ተጣምረው የሠሩት ነው፤ አንደኛው ግሉኮዝ፣ ሁለተኛው ፍሩክቶዝ። ሻይዎን ሲጠጡ ይህ ጥምረት ቀጭኑ አንጀት ላይ በኢንዛይም ይሰነጠቅና ሁለቱም ለየብቻቸው ወደ ደም ይገባሉ። አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጉልበት ይሰጣል።

እንጀራስ? እንጀራ ጎምዛዛ እንጂ ጣፋጭ አይደለም። ነገር ግን ጤፍም ሆነ በቆሎ፣ ስንዴም ሆነ ድንች አብዛኛው ክፍላቸው ስታርች ነው። ስታርች ማለት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ግሉኮዞች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው የሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ ምላስ ጣፋጭነቱን አያውቀውም። ይህን ራስዎ መሞከር ይችላሉ፤ አንድ ቁራሽ ዳቦ ሳይውጡ ለሁለት ደቂቃ ያህል ያላምጡ። ቀስ እያለ ጣፈጥ ይላል። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ሰንሰለቱን መቆራረጥ ስለጀመረ ነው። አንጀት ደግሞ ሥራውን ይጨርሰዋል፤ በመጨረሻ ወደ ደም የሚገባው ያው ግሉኮዝ ነው።

ታዲያ እንጀራና ስኳር አንድ ናቸው ማለት ነው እንዴ? አይደሉም። ልዩነቱ ፍጥነቱና አጃቢው ላይ ነው። እንጀራ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከጎመን ጋር ሲበላ ፕሮቲኑና አሰሩ (ፋይበሩ) የምግቡን ጉዞ ያዘገዩታል፤ ግሉኮዙም ቀስ እያለ ይገባል። በውሃ የተሟሟ ስኳር ግን ምንም የሚያዘገየው ነገር ስለሌለ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ደም ውስጥ ይገኛል።

በመላው ደምዎ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ

አሁን አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የአንድ አዋቂ ሰው ደም አምስት ሊትር ገደማ ነው። ምግብ ሳይበላ ያደረ ጤነኛ ሰው የደም ስኳሩ በአንድ ዴሲ ሊትር ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ነው። 90 ነው ብለን ብናሰላው፣ በመላው ደሙ ውስጥ ያለው ግሉኮዝ አራት ግራም ተኩል ያህል ይሆናል። ይህ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው።

ለስላሳ መጠጥ በአብዛኛው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ስኳር ይይዛል። እንግዲህ በብዙ ቤት የምናየው 300 ሚሊ ሊትር የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ፣ ማለትም ሰባት ወይም ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። በደም ውስጥ ካለው ሰባት እጥፍ ያህል በአንድ ጊዜ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ገደማው ግሉኮዝ ነው።

ይህ ሁሉ ሲገባ ደሙ ለምን ሽሮፕ አይሆንም? ከጨጓራ ጀርባ የምትገኘው ቆሽት ወዲያው ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ስለምታመነጭ ነው። ኢንሱሊን የጡንቻና የስብ ሕዋሳትን በር ያስከፍታል፤ ግሉኮዙም ይገባል። ጉበትና ጡንቻ የተረፈውን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያጠራቅማሉ። ጉበት 100 ግራም ያህል፣ ጡንቻዎች ደግሞ 400 ግራም ያህል ሊይዙ ይችላሉ። ጎተራው ከሞላ በኋላ የመጣው ወደ ስብ ይለወጣል። ቀኑን ሙሉ ሲያርስና ሲያጭድ የዋለ ሰው ጎተራው ባዶ ነው፤ ቦታ አለው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ሰው ግን ጎተራው ትናንት እንደሞላ ነው። ያንኑ ስኳር የበሉ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ውጤት የማያዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፍሩክቶዝ ግን ሌላ መንገድ አለው። አብዛኛው የሚስተናገደው ጉበት ላይ ነው። በጥቂቱ ሲመጣ ጉበት ያለ ችግር ያስተናግደዋል። በብዛትና በየቀኑ፣ በተለይ በፈሳሽ መልክ ሲመጣ ግን ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል፤ ከስቡ ከፊሉ ወደ ደም ይወጣል፣ ከፊሉ እዚያው ጉበት ውስጥ ይከማቻል። አልኮል ያልቀመሰ ሰው «ጉበትህ ስብ ይዟል» ሲባል የሚገርመው ለዚህ ነው።

ማርስ?

የጎጃምን ማር ለማጣጣል አልተነሣንም። ማር መዓዛ አለው፣ የተለያዩ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮችን በትንሽ መጠን ይይዛል፤ ሳልን ለማስታገስና የቁስል እንክብካቤ ላይ የሚረዳበት ሁኔታም በጥናት ታይቷል። ነገር ግን ከአንድ መቶ ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው፤ የቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። ስኳሩም በዋነኛነት እነዚያው ፍሩክቶዝና ግሉኮዝ ናቸው። ንቧ አበባ ላይ የቀሰመችውን ሱክሮዝ በራሷ ኢንዛይም ስለሰነጠቀችው አንጀታችን ሊሠራው የነበረውን ሥራ አስቀድማ ጨርሳልናለች ማለት ነው።

ስለዚህ ደም ማርን ሲያይ «ይህ የተፈጥሮ ነው» ብሎ አያሳልፈውም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ማር ሲበላ የደም ስኳሩ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅትም ማርንና የተጨመቀ የፍራፍሬ ጭማቂን ከነጭ ስኳር ጋር «ነፃ ስኳር» በሚለው አንድ ምድብ ውስጥ ነው የሚቆጥራቸው። ሙሉ ብርቱካን ወይም ሙዝ ግን እዚህ ምድብ ውስጥ የለም፤ ስኳሩ ከአሰሩ ጋር ታስሮ ስለሚበላ ነው።

ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይስጡ። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ የአዋቂ አንጀት ይቋቋመዋል፣ የሕፃን ግን አይችለውም። ሁለተኛ፣ አዲስ ለተወለደ ልጅ የስኳር ውሃ ወይም ቅቤ ማላስም መቅረት ያለበት ልማድ ነው። የመጀመሪያው ቢጫ የእናት ጡት ወተት፣ እንገር፣ ለልጁ ምግቡም ክትባቱም ነው፤ በስኳር ውሃ የጠገበ ልጅ ደግሞ ጡቱን አይጠባም።

ሲበዛ ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ ጥርስ። «ጥርሴን ትል በላው» እንላለን። ትል ግን የለም፤ ያለው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ጥርስ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ባክቴሪያ ስኳሩን ሲመገብ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል። እዚህ ላይ ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ የበለጠ ይጎዳል። ምራቅ አሲዱን ለማጠብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚመጥ ልጅ ጥርሱ የማረፊያ ጊዜ አያገኝም። ለልጅ ጣፋጭ መስጠት ካለብዎ ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ይስጡትና ይብቃ።

ሁለተኛ፣ ፈሳሽ ስኳር። ሰውነት የጠጣውን ካሎሪ እንደበላው አድርጎ አይቆጥረውም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የጠጣ ሰው ምሳውን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ትርፍ ይሆናል። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሥራ እንዳሳየው በቀን አንድ ጊዜ ስኳር ያለበት መጠጥ መጠጣት ዓይነት ሁለት በተባለው የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድልን በ18 በመቶ ያህል ከፍ ከማድረግ ጋር ይያያዛል። የክብደት ልዩነት በሒሳቡ ሲገባ እንኳ 13 በመቶ ያህሉ ይቀራል።

ስንት ይበቃል ታዲያ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ነፃ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት 10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ነው። እስቲ የራስዎን ይቁጠሩ። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን ሦስት ብርጭቆ ከጠጡ ዘጠኝ ማንኪያ፣ 36 ግራም ሆነ። ከሰዓት በኋላ አንድ ለስላሳ ከጨመሩበት 66 ደረሰ። በጾም ወቅት ሻይና ለስላሳ ሲበዛ ደግሞ ቁጥሩ ሳይታወቅ ይሄዳል።

«ስኳር በሽታ» ከስኳር ይመጣል?

ስሙ አሳሳች ነው። በሽታው ስሙን ያገኘው ከሚበላው ሳይሆን ከሽንቱ ነው። የደም ስኳር 180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ ማስቀረት ስለሚያቅተው በሽንት ይወጣል። ውሃንም ይዞ ስለሚወጣ ሰውየው ይጠማል፣ ሌሊት ደጋግሞ ይነሣል። በላቲን የተሰጠው ስምም «እንደ ማር የጣፈጠ» የሚል ቃል አለበት።

ዓይነት አንድ የሚባለው ሰውነት በራሱ ላይ ተነሥቶ ኢንሱሊን አምራች ሕዋሳትን ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። ስኳር በመብላት አይመጣም፤ የልጁም የእናቱም ጥፋት አይደለም። ዓይነት ሁለት ሕዋሳት የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ሲያቆሙ የሚመጣ ነው፤ እዚህ ላይ ዘር፣ ዕድሜ፣ የሆድ ስብ፣ ያለመንቀሳቀስ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ስኳር በተለይ በመጠጥ መልክ ከእነዚህ አንዱ ገፊ ነው።

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ትምህርት የመጣው ግን ከጎንደር ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዶ/ር ሽታዬ አለሙና ባልደረቦቻቸው፣ ከጅማ ሐኪሞችና ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን ሕመምተኞች አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ሥራ እንዳሳየው ብዙዎቹ ወጣቶች፣ በብዛት ወንዶች፣ ድሆችና በጣም ከሲታ ነበሩ። የጠገበ የከተማ ሰው ምስል ከእነርሱ ጋር አይገጥምም። ተመራማሪዎቹም ጥያቄ አነሡ፦ በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ቆሽትን ጎድቶ ሊሆን አይችልምን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም» የሚል ምድብ ነበረው፤ በ1999 ማስረጃው አልበቃም ብሎ ሰረዘው። ክርክሩ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ይህን ሕመም «ዓይነት አምስት» ብሎ እውቅና ሰጠው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? «ቀጭን ነኝ፣ ገበሬ ነኝ፣ ስኳርም አልወድ» የሚል ሰው አይመረመርማ። አንድ ወጣት በድንገት ሲከሳ፣ ውሃ ሲጠማው፣ ሽንት ሲመላልሰው ታይፎይድ ነው፣ ወስፋት ነው፣ ዓይን ነው ይባላል። ኢንሱሊን ከናካቴው ሲያልቅ ሰውነት ስብን ያለ ልክ ማቃጠል ይጀምራል፤ ደሙ አሲድ ይሆናል። ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ የሚሸት አፍ ይከተላሉ። ይህ ሰዓታት የሚቆጠርበት ድንገተኛ ሕመም ነው። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ አንዲት ጠብታ ደም የሚደረግ ምርመራ ግን ጥርጣሬውን ወዲያው ይፈታል። ሳይበላ ያደረ ሰው በላቦራቶሪ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ምልክት ያለው ሰው በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ካሳየ የስኳር ሕመም ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ፦ ምላስን ማታለል

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሻገር። ምላስ ላይ ጣፋጭን የሚያውቅ ተቀባይ አለ። ቁልፉ የገጠመለትን ነገር ሁሉ «ጣፋጭ» ብሎ ለአንጎል ያስተላልፋል፤ ጉልበት ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። (ድመት ይህ ተቀባይ በዘሯ ስለተበላሸ ስኳር ብትልስ ምንም አይጣፍጣትም።)

የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ፣ ሳካሪን፣ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጋጣሚ ነው። ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተባለ ኬሚስት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሲበላ ምግቡ ጣፈጠው፤ ጣፋጩ ከእጁ ላይ የቀረ ኬሚካል ነበር። ሳካሪን ከስኳር 300 እጥፍና ከዚያ በላይ ይጣፍጣል። በ1965 የተገኘው አስፓርቴም 200 እጥፍ ያህል፣ ሱክራሎዝ ደግሞ 600 እጥፍ ያህል ይጣፍጣሉ። ስቴቪያ የሚባለው ከዕፅ ቅጠል የሚወጣ ነው። እንግዲህ አንድ ማንኪያ ስኳር የሚሠራውን ሥራ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ይሠራዋል፤ ካሎሪውም ከቁጥር አይገባም።

የት ይገኛሉ? «ዜሮ» በሚባሉ ለስላሳዎች፣ ስኳር አልባ በሚባሉ ማስቲካዎች፣ በብዙዎቹ የጁስ ዱቄቶች፣ በአንዳንድ የልጆች ሽሮፕ መድኃኒቶች ውስጥ። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያነቡ ኢ950 አሲሰልፌም፣ ኢ951 አስፓርቴም፣ ኢ954 ሳካሪን፣ ኢ955 ሱክራሎዝ ማለት ነው።

ካንሰርስ?

የሳካሪን ክስ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። በብዛት የተሰጣቸው አይጦች የሽንት ፊኛ ካንሰር ያዛቸው፤ አሜሪካም በ1977 ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዘዘች። በኋላ ሲጠና ግን ነገሩ በወንድ አይጥ ሽንት ልዩ ባሕርይ የተነሣ እንደሆነና በሰው ላይ እንደማይሠራ ታወቀ፤ በ2000 ማስጠንቀቂያው ተነሣ።

አስፓርቴምን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገባው። ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ግን ይህ ምድብ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለውን እንጂ አደጋው ምን ያህል ትልቅ ነው የሚለውን አይደለም፤ ማስረጃውም «ውስን» ነው የተባለው። በዚያው ቀን ሌላው የባለሙያዎች ኮሚቴ የተፈቀደው መጠን፣ ማለትም በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 40 ሚሊ ግራም፣ ባለበት እንዲቆይ ወሰነ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማለፍ በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ቆርቆሮ መጠጣት ይኖርበታል። አስፓርቴም በእርግጥ የማይሆንለት ሰው አለ፦ ፊኒልኬቶኑሪያ የተባለ ብርቅ የዘር ሕመም ያለበት። ለዚያ ነው ጠርሙሱ ላይ «ፊኒልአላኒን አለው» ተብሎ የሚጻፈው።

ውፍረት ይቀንሳል?

እዚህ ላይ ሳይንሱ ገና አልጠራም። ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ለጥቂት ወራት የተከታተሉ ሙከራዎች ማጣፈጫ በስኳር ቦታ ሲተካ ክብደት ትንሽ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። ብዙ ዓመት የሚከታተሉ ጥናቶች ግን ማጣፈጫ የሚያዘወትሩ ሰዎች ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምና የልብ ሕመም በዝቶ እንደሚታይባቸው ያሳያሉ። እንዴት ተቃረኑ? አንዱ መልስ ይህ ነው። ዣንጥላ የያዘ ሰው በበዛበት ቀን ዝናብ ይዘንባል፤ ዝናቡን ያመጣው ግን ዣንጥላው አይደለም። «ዜሮ» የሚመርጡት ብዙዎቹ አስቀድሞ ክብደታቸው ያሳሰባቸው ሰዎች ናቸው። ሌላው መልስ ግን ማጣፈጫው ራሱ አንድ ነገር ሊያደርግ ይችላል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በ120 ጤነኛ አዋቂዎች ላይ የታተመ ሙከራ ሳካሪንና ሱክራሎዝ በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያን እንደሚለውጡና በአንዳንድ ሰዎች ላይ የደም ስኳር አያያዝን እንደሚያዛቡ አሳይቷል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርቶ የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 ክብደት ለመቆጣጠር ተብሎ ማጣፈጫ መጠቀምን እንደማይመክር አስታወቀ። ምክሩ ግን ሁኔታን ያገናዘበ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለባቸውንም አይመለከትም። ለእነርሱ በሻይ ላይ ጥቂት ማጣፈጫ ስኳርን ለመተው መሸጋገሪያ ድልድይ ሊሆን ይችላል። ምላስን ቀስ በቀስ ማለማመድ ግን ከሁለቱም ይሻላል።

ስኳር መድኃኒት የሚሆንበት ሰዓት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ይያዙ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር እንክብሎችን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲዘገይበት፣ ለምሳሌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ወይም በእርሻ ብዙ ሲደክም፣ የደም ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይቀባዥራል፣ ሰክሮ ይመስላል። ካልተረዳ ራሱን ይስታል።

ያን ጊዜ ስኳር ጠላት አይደለም። 15 ግራም ያህል፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም የአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ግማሽ ይስጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ልብ ይበሉ፦ «ዜሮ» የሚለውን ጠርሙስ ከሰጡት ምላሱ ይጣፍጠዋል እንጂ ደሙ ምንም አያገኝም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨምሩ፤ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኝተው ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ጾምን በተመለከተ ደግሞ አስቀድመው ሐኪምዎንም የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ።

ሁለተኛው ሰዓት ተቅማጥ ነው። አንጀት ጨውን ከግሉኮዝ ጋር ጎን ለጎን የሚያስገባ በር አለው፤ ውሃውም ተከትሎ ይገባል። ለልጆች የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በዚህ ይሠራል። ከጤና ኬላ ፓኬቱን ማግኘት ካልተቻለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። መጠኑ ሲበዛም ሲያንስም ስለሚጎዳ በጥንቃቄ ይለኩ። ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ይህን በር ፈጽሞ አይከፍትም።

መራራው ጣፋጩን ያጠፋዋል?

ሬትም፣ ኮሶም፣ ሌላም መራራ ነገር ደም ውስጥ ገብቶ ከግሉኮዝ ጋር አይታገልም። መራራነትና ጣፋጭነት ምላስ ላይ የሚቀሩ ነገሮች ናቸው። አንድ ዕፅ የደም ስኳርን ቢቀንስ እንኳ በመራራነቱ ሳይሆን በያዘው ንጥረ ነገር ነው፤ ያ ደግሞ መጠኑ ተለክቶ መታወቅ አለበት። በዚህ ተስፋ ኢንሱሊን ማቋረጥ ግን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። «ጣፋጭ ወስፋት ያመጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ወስፋት የሚመጣው በአፈር፣ ባልታጠበ እጅና ባልታጠበ አትክልት ላይ ካለ እንቁላል ነው። ከረሜላውን ለጥርሱ ሲሉ ይከልክሉት፣ ለወስፋት ግን እጁን ያስታጥቡት።

ምን እናድርግ?

ስኳር ይጥፋ አንልም። ከነገ ጀምሮ ከሻይዎ ላይ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ግማሽ። ምላስ ይለምዳል፤ በጥቂት ወር ውስጥ የድሮው ሻይ ለእርስዎ ሽሮፕ ይሆንብዎታል። ለእንግዳ ሻይ ሲቀዱ ስኳሩን ለብቻው ያቅርቡለት፤ አስቀድሞ አጣፍጦ ማቅረብ የደግነት ምልክት መሆኑ ይቅር። ለስላሳውን ለበዓል ይተዉት፤ ለጥማት ውሃ ይበቃል። እንጀራው በወጥና በጎመን ይታጀብ። ማሩን ይብሉ፣ ግን ስኳር መሆኑን አውቀው ይብሉ።

ከቤትዎ ውስጥ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ውሃ ውሃ የሚል፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚነሣ ሰው ካለ ደግሞ ገበሬ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ልጅ ነው ብለው አይለፉት። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይውሰዱትና የጣቱን ደም ያስመርምሩለት።